ለአዳኝ ውሻ በቀን አንዴ፣ ሁለቴ ወይስ ሦስቴ? የምግብ ሰዓት ምርጫ ከጨጓራ መነፋት አንጻር

አዳኝ ውሻ ያለው ሰው ከምግብ ሰዓት ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ይፈልጋል። ውሻው ለአደን ሲወጣ ጨጓራው ባዶ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያሯሩጥ ጉልበት እንዲኖረውም ይፈልጋል። ሁለቱንም በቀላሉ የሚያሟላ የሚመስለው ዘዴ በቀን አንዴ፣ ማታ፣ አጥግቦ ማብላት ነው። ብዙ ሰው የሚከተለውም ይህንኑ ነው። ከጨጓራ መነፋት አንጻር ሲታይ ግን በሰዓት ተወስነው ከሚሰጡት አመጋገቦች ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ስለዚህ «በቀን ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያዋጣም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ወደ ጨጓራ የሚገባው ምግብ ምን ያህል እንደሆነና ከሩጫው በስንት ሰዓት እንደሚርቅ። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ሁሉ የተመዘኑት በእነዚህ ነው።

ጨጓራው ውስጥ የሚሆነው

መነፋት ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ጨጓራው በጋዝና በምግብ ይወጠራል። ይህ ብቻውን ያሠቃያል እንጂ ሁልጊዜ አይገድልም። ሁለተኛው መጠምዘዝ ነው፤ የተወጠረው ጨጓራ በራሱ ዙሪያ ይዞርና መግቢያውም መውጫውም እንደታሰረ ከረጢት አፍ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውሻው ማግሳትም ማስመለስም አይችልም፣ ጋዙ ግን መጨመሩን ይቀጥላል። ያበጠው ጨጓራ ከኋላ አካል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል፤ ልብ የሚረጨው ደም ያንሰዋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ከጨጓራው ጋር የተያያዘው ጣፊያም አብሮ ይጎተታል፣ የጨጓራው ግድግዳ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ለነገ የሚባል አይደለም።

ይበልጥ የሚጠቁት ደረታቸው ጥልቅና ጠበብ ያለ ትልልቅ ውሾች ናቸው። ግሬት ዴን ከሁሉም በላይ የታወቀ ነው፤ ከአዳኞቹ ደግሞ ዋይማራነር፣ ጎርደን ሴተር፣ አይሪሽ ሴተርና ብላድሃውንድ በዝርዝሩ ላይ ከፊት ይመጣሉ። ስፓኒየልና ቢግል ብዙም አያሠጉም፤ ያም ሆኖ ጨርሶ አይነካቸውም ማለት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ አደጋው ይጨምራል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የተጠቃበት ውሻ፣ ምግቡን የሚውጥ እንጂ የማያኝክ ውሻ፣ በባሕርዩ ፈሪና ድንጉጥ የሆነ ውሻም ከሌላው በላይ ይጠቃል። ውሻችሁ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ከተሰበሰቡበት ቀጥሎ ያለውን ንጽጽር በጥብቁ ወገን አንብቡት።

መጀመሪያ መጠኑን ማወቅ

ግምት እዚህ ላይ ብዙ ያሳስታል። አንድ ውሻ ተኝቶ ብቻ ቢውል የሚያስፈልገው ጉልበት በኪሎ ካሎሪ የሚሰላው ክብደቱን በኪሎ ወስዶ፣ በ0.75 ኃይል አስነስቶ፣ በ70 በማባዛት ነው። ለ30 ኪሎ ውሻ ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። በአደን ወቅት ይህ በ2 ይባዛል፤ አስቸጋሪ መልክዓ ምድር ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚሮጥ ውሻ በ3፣ ብርድ ሲጨመርበት ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።

በ100 ግራም 400 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ደረቅ ምግብ ብንወስድ የ30 ኪሎው ውሻ በመደበኛ የአደን ወቅት በቀን 450 ግራም፣ በከባዱ ወቅት 675 ግራም ይፈልጋል። 675 ግራም ደረቅ ምግብ ውኃ ሳይነካው ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ቦታ ይይዛል። ጨጓራ ውስጥ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል። በቀን አንዴ ማብላት ማለት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ያውም ደክሞና ጠምቶት ለተመለሰ ውሻ ማቅረብ ማለት ነው።

ከሒሳቡ ይልቅ የመጨረሻው ዳኛ የውሻው ገላ ነው። እጃችሁን በጎኑ ላይ ስታሳልፉ የጎድን አጥንቶቹ ሳትጫኑ ሊቆጠሩ ይገባል፤ ከሩቅ ሁሉም ጎልተው ከታዩ ግን ከስቷል። በየሁለት ሳምንቱ መዝናችሁ ከ10 በመቶ ባልበለጠ ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

በቀን አንዴ

ጥቅሙ እውነት ነው። ማታ የበላ ውሻ ጠዋት ጨጓራው ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ ቀለል ብሎት ይሮጣል፣ በመሐል ተቅማጥ አያስቸግረውም። የአንጀት ባዶነትም ለመዓዛ ሥራ ይረዳል የሚሉ አሠልጣኞች አሉ።

ጉዳቱ ከላይ የተሰላው ነው። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በትልልቅ ዝርያዎች ላይ በተደረጉት ጥናቶች በአንድ ጊዜ ብዙ የሚበሉ ውሾች የበለጠ ተጠቅተዋል፤ በቀን አንዴ፣ ያውም ብዙ የሚበሉት ደግሞ ከሁሉም የባሰ አደጋ ላይ ነበሩ። በየቀኑ በብዙ ምግብ የሚወጠር ጨጓራ ከቦታው የሚያስሩት ጅማቶች ይለጠጣሉ ተብሎም ይታሰባል፤ የላላ ጨጓራ ደግሞ ለመዞር ይቀለዋል።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ደረቱ ጠባብና ጥልቅ ላልሆነ፣ ቀስ ብሎ ለሚበላ ውሻ፣ ቀኑ ቀላል ሲሆን ችግር የለውም። ለዋይማራነር ወይም ለሴተር ግን ባይሞከር ይሻላል።

በቀን ሁለቴ

ለአብዛኛው አዳኝ ውሻ መነሻው ይህ ነው። አደን በሌለበት ቀን ጠዋትና ማታ እኩል፣ በመካከሉ ከ10 እስከ 12 ሰዓት። ለ30 ኪሎው ውሻ 225 ግራም ጠዋት፣ 225 ግራም ማታ ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው በአደን ቀን ነው፤ ሰዎች በሁለት በኩል ይሳሳታሉ። አንዱ የጠዋቱን ምግብ እንደ ወትሮው ሰጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሻውን ይለቃል። ደረቅ ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ብዙና ቅባት የበዛበት ሲሆን ከ10 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ያ ውሻ ሙሉ ጨጓራ ተሸክሞ እየዘለለ፣ እያለከለከ አየር እየዋጠ፣ በየኩሬው እየጠጣ ይሮጣል።

ሌላው ደግሞ የጠዋቱን ይተውና ሙሉውን ወደ ማታ ያዞረዋል። በዚህም ሳያስበው ወደ «በቀን አንዴ» ተመለሰ፤ ውሻው በጣም በደከመበት ቀን ትልቁን ምግብ በአንድ ጊዜ በላ። በወረቀት ላይ ሁለቴ የሚበላ፣ በተግባር ግን አንዴ የሚበላ አዳኝ ውሻ በጣም ብዙ ነው።

መፍትሔው የጠዋቱን ድርሻ ከአደን በኋላ ባሉት ሰዓታት ከፋፍሎ መስጠት ነው። በቀን 600 ግራም ለሚበላ ውሻ፣ አደኑ ጠዋት 12 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ እንዲህ ይሠራል፦

ዋዜማ፣ ቀን 8 ሰዓት፦ 250 ግራም
ዋዜማ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፦ 250 ግራም፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ
በአደኑ ጠዋት፦ ምግብ የለም፤ ትንሽ ውኃ
በአደኑ መሐል፦ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ከ15 እስከ 20 ግራም
ከአደን መልስ፣ ትንፋሹ ከረጋ በኋላ፦ 100 ግራም በውኃ የራሰ
ከሁለት ሰዓት በኋላ፦ 200 ግራም
ከመተኛቱ ሦስት ሰዓት በፊት፦ የቀረው

በዋዜማው የተጻፈው 500 ግራም ከ600 ያነሰው በዚያው በዋዜማው ቀን ጠዋት የተሰጠ ትንሽ ቁርስ እንዳለ ታስቦ ነው። አደኑ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ከሆነ ንጋት ላይ ከዕለቱ ድርሻ ሩቡን መስጠት ይቻላል፤ ከመለቀቁ በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ። ሩብ ማለት ሩብ ነው፤ «ይራበዋል» ተብሎ የሚጨመርለት ጭብጥ ሁሉ ሒሳቡን ያበላሸዋል።

በቀን ሦስቴ

በአንድ ጊዜ የሚገባውን መጠን ስለሚያሳንስ ለመነፋት ከሁሉም የተሻለ ጥበቃ ይህ ነው። በቀን ከ600 ግራም በላይ ለሚበላ፣ ከ35 ኪሎ በላይ ለሆነ፣ በዘሩ የተጠቃ ላለበት ወይም ሁልጊዜ ለሚከሳ ድንጉጥ ውሻ ይመረጣል። 675 ግራም በሦስት ሲከፈል 225 ይሆናል፤ ከቀላሉ ወቅት የሁለቴ ድርሻ ጋር እኩል ነው።

እንቅፋቱ የሰው ሰዓት ነው። ቀን ሥራ የሚውል ሰው የመሐሉን ምግብ ማን ይስጥለት? ጠዋት፣ ከሥራ መልስና ከመተኛት በፊት ማድረግ ይቻላል። ሆኖም የመጨረሻው ምግብ ተሰጥቶ ወዲያው መብራት ከጠፋ፣ ውሻው ሌሊት ቢነፋ የሚያየው የለም። የመጨረሻውን ከእናንተ መተኛ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ስጡ።

ሳህን ሞልቶ መተው

ለአዳኝ ውሻ አይሆንም። ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጨጓራው መቼ ባዶ እንደሚሆን አይታወቅም፤ አልበላም ብሎ በሽታውን የሚናገር ውሻም አይታይም። ብዙ ውሾች ባሉበት ግቢ ደግሞ ጉልበተኛው የሌላውን ይጨምራል።

በአደኑ መሐል የሚሰጥ ቁራሽ

በባዶ ሆድ የወጣ ቀጭንና ቁጡ ውሻ ከጥቂት ሰዓት ሩጫ በኋላ የደም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ሽታ መከተሉን ይተዋል፣ ቀጥሎ የኋላ እግሩ ይወላገዳል፣ ሲብስ ያንዘፈዝፈዋል። ከላይ የተጻፈው ከ15 እስከ 20 ግራም የሚሰጠው ለዚህ ነው። ፕሮቲንና ስብ ያለው፣ የለመደው ምግብ ይሁን። ሊወጣ ሲል ጣፋጭ ነገር መስጠት ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ ስኳሩ ኢንሱሊን ይቀሰቅስና ሩጫው ሲጀመር የደም ስኳሩን መልሶ ይጥለዋል።

የሚወላገድ ውሻ ከተገኘ ሩጫው ወዲያው ይቁም፤ ማር ወይም የስኳር ሽሮፕ በድዱ ላይ ይቀባ። የሚንዘፈዘፍ ውሻ አፍ ውስጥ ግን እህል አይከተትም፤ ይታነቃል፣ ሳያውቅም እጅ ይነክሳል።

ውኃ

«ከበላ በኋላ ውኃ ከልክለው» የሚለው ምክር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። ሙቀት ላይ የሮጠን ውሻ ውኃ መከልከል በሙቀት መመታትን ይጋብዛል፤ እሱም ገዳይ ነው። የሚያስፈልገው መከፋፈል ነው። በአደን ላይ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት የጠጣ ውሻ ሲመለስ ባልዲውን አይገለብጥም። ሲመለስም ለ30 ኪሎ ውሻ አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል ሰጥቶ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ መድገም፤ ማለክለኩ ሲቆም ሳህኑን መተው። ምግቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እያለከለከ የሚበላ ውሻ ከእህሉ ጋር አየር ይውጣል።

ደረቅ፣ እርጥብ፣ ቅባት የበዛበት

እዚህ ላይ አዳኝ ውሻ ያለውን ሰው የሚያስቸግር ነገር አለ። ለረጅም ሩጫ የሚመከረው ምግብ 30 በመቶ ፕሮቲንና 20 በመቶ ስብ ያለው ነው፤ ውሻ ለረጅም ሥራ ዋናው ማገዶው ስብ ስለሆነ። የፐርዱ ተመራማሪዎች ደግሞ በማሸጊያው ላይ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ አራት ግብዓቶች መካከል ዘይት ወይም ስብ ያለበትን ደረቅ ምግብ የሚበሉ ትልልቅ ውሾች በመነፋት ይበልጥ እንደተጠቁ አገኙ።

ታዲያ የጉልበቱ ምግብ ይጣል? አይመስለንም። ጥናቱ የተመለከተው የግብዓቶቹን ተራ ነው እንጂ ስብ ራሱ ጨጓራን እንደሚያዞር አላሳየም። ስብ የጨጓራን መውጫ ማዘግየቱ ግን የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ጉልበቱ የበዛ ምግብ በግራም ያነሰ ስለሚበላ ጨጓራውን የሚወጥረው ይቀንሳል፤ በ100 ግራም 450 ኪሎ ካሎሪ ያለው ምግብ 675ቱን ግራም ወደ 600 ያወርደዋል። እንግዲህ ስብ የበዛበትን የሚያበላ ሰው በቀን አንዴ ማብላትን ጨርሶ ይተው፤ የመጨረሻውን ምግብና ሩጫውንም 12 ሰዓት ያራርቃቸው። ወደዚህ ምግብ መሸጋገሪያው ከ7 እስከ 10 ቀን ሲሆን፣ ሰውነቱ ስብን በደንብ ማንደድ እንዲለምድ ግን ከአደኑ ወቅት ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት መጀመር ይገባል።

ደረቅ ምግብ ብቻ ከመስጠት ጥቂት የታሸገ እርጥብ ምግብ ወይም ንጹሕ የበሰለ ሥጋ ማቀላቀል ከተሻለ ውጤት ጋር ተያይዟል። የፍሬው መጠንም ትርጉም አለው፤ ትልቅ ውሻ ደቃቁን ሳያኝክ ይውጠዋል፣ ትልቁን ግን እንዲሰብረው ይገደዳል። ደረቁን ማራስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማሸጊያውን ያንብብ፦ ሲትሪክ አሲድ ለማቆያነት የገባበትን ምግብ አርሶ ማብላት ከከፍተኛ አደጋ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ያ ካለ በደረቁ ይሰጥ፣ ወይም ሌላ ምግብ ይመረጥ።

ሳህኑና አበላሉ

ከፍ ያለ ማስቀመጫ ለረጅም ውሻ ምቹ ነው፣ አየር መዋጥንም ይቀንሳል ተብሎ ለዓመታት ተመክሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፐርዱ ጥናት የተገላቢጦሹን አሳየ፤ ከተጠቁት ትልልቅ ውሾች 20 በመቶ፣ ከግዙፎቹ 52 በመቶ ያህሉ ጉዳይ ከፍ ካለ ሳህን ጋር ተያይዟል። በጉዳዩ ላይ ባለሙያዎች አሁንም አንድ ድምፅ የላቸውም፤ የአንገት ወይም የጉሮሮ ችግር ያለበት ውሻ ካልሆነ በስተቀር ግን መሬት ላይ ማስቀመጡ ምንም አያሳጣም።

ለሚውጥ ውሻ ውስጡ ግድግዳና ጉብታ ያለው ሳህን ጥሩ ነው። እሱ ከሌለ ምግቡን በሰፊ የብረት መጋገሪያ ላይ በስሱ መበተን ይበቃል፤ ፍሬውን አንድ አንድ እየለቀመ ይበላል። ሳህን ውስጥ ድንጋይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ውሻው ሊውጠው ከማይችለው መጠን ካነሰ ራሱ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያመጣል። ውሾችን ለየብቻ፣ በማይተያዩበት ማብላት ከሳህኑ ዓይነት ሁሉ ይበልጣል፤ አንዱ ሌላውን እያየ የሚበላ ውሻ ፉክክር ውስጥ ነው፣ የሚፎካከር ውሻ ደግሞ አያኝክም።

ከምግብ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማሳረፍ የተለመደ ነው። ቀስ ብሎ በገመድ መራመድ ጉዳት እንዳለው አልታየም፤ የሚከለከለው መሮጥ፣ መዝለልና መኪና ላይ ጭኖ ማንገላታት ነው።

ምልክቱና የሚደረገው

ለማስመለስ እየታገለ አረፋና ለሃጭ ብቻ የሚያወጣ ውሻ መነፋቱ እስኪካድ ድረስ እንደተነፋ ይቆጠር። አይቀመጥም፣ አይተኛም፣ ጎኑን ዞሮ ያያል። ከግራ የጎድን አጥንቶቹ ኋላ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ደረቱ በጣም ጥልቅ በሆነ ውሻ ግን እብጠቱ ጎድን ሥር ተደብቆ ላይታይ ይችላል። ድዱን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ወይም ድዱ ከነጣ ደም መዘዋወሩ ተዳክሟል።

ወደ ሐኪም እየሄዳችሁ ደውሉ፤ ለቀዶ ሕክምና ይዘጋጁ። ምግብ፣ ውኃ፣ ዘይት፣ የጋዝ መድኃኒት አይሰጥም። የተጠማዘዘን ጨጓራ የሚፈታ የሚዋጥ መድኃኒት የለም፤ የሚሰጠው ሁሉ ጊዜ ይበላል። እንዲያስመልስም አይደረግም። ከረጢት ቀድዶ እስኪወጠር የበላ ውሻም እንዲሁ ሊመስል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ እሱ ያስመልሳል፣ ራጅ ሳይነሳ ግን ከውጭ መለየት አይቻልም።

የምግብ ሰዓት ወይስ ጋስትሮፔክሲ?

ጋስትሮፔክሲ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቅ ቀዶ ሕክምና ነው። መነፋትን አያስቀርም፣ መጠምዘዝን ግን በእጅጉ ይከላከላል። አንዴ ተጠማዝዞ የዳነ ውሻ ይህ ካልተሠራለት ከግማሽ በላይ ጊዜ ይደገምበታል፤ ከተሠራለት ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለእሱ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ገና ላልተነካ፣ ግን ደረተ ጥልቅ ለሆነና በዘሩ የተጠቃ ላለበት ውሻም ማኮላሸት ወይም ማህፀን ማውጣት ሲደረግ አብሮ ማሠራቱ ከሁለተኛ ማደንዘዣ ያድነዋል። ለስፓኒየል የምግብ ሰዓቱን ማስተካከል ይበቃል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ውሻው ለሳምንታት ከገመድ አይፈታም፤ የተጣበቀው ሳይጠና ከዘለለ ሊላቀቅ ይችላል። የአደን ወቅቱ ባበቃ ማግስት ቀጠሮ መያዝ ለዚህ ይመቻል፤ የምግቡም መጠን በእነዚያ ሳምንታት ወደ ዕረፍት ጊዜው ልክ ይወርዳል።